የመመለሻው ጭድ

አያ ሙሄ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ዘሀራ ናት። ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ሪያድ ባዲዓ ሰፈር ያለው ቤቴ ደረጃ ላይ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው የሳዑዲ ቁጥር ነበር።

"መሐንዲስ ነዎት?" አለች።

በዚህ ስም የሚጠራኝ በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ዲፕሎማ ይዤ የወጣሁ ሰው ነኝ። አያ ሙሄ ግን ገና በተዋወቅን ሳምንት መሐንዲስ ብሎ ሾመኝ፤ እኔም ሹመቱን አልመለስኩም።

"የሙሄ ልጅ ነኝ፣ ዘሀራ። አባቴ ሰኞ ለት አረፈ። እዚያው ቆቦ ተቀበረ። ወዳጁ ስለነበሩ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

ወዳጁ አለችኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ወዲያው አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። "ምን ነግሯት ይሆን?" ብዬ አሰብኩ። ሰውዬው አፈር ከገባ ገና አራት ቀኑ፣ እኔ ስለ ራሴ አስባለሁ። ይህን ካልጻፍኩ ሌላውን መጻፌ ዋጋ የለውም።

"አንድ ወረቀት ትቶልኝ ሄዷል" አለች። "በዓረብኛ ነው። እኔ መናገሩን እንጂ ማንበቡን አልችልም። አርብ ከዐሱር ሶላት በኋላ ማዳም ጥግ ላይ እስካለው ሱቅ፣ እስከ በቃላው ሄጄ ዳቦ እንድገዛ ትለቀኛለች። መጥተው ያነቡልኛል?"

ወረቀቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አውቀዋለሁ።

"ኢንሻአላህ" አልኩ። እዚህ አገር ኢንሻአላህን የሚመጣ ሰውም ይላል፣ የማይመጣም ይላል።

አያ ሙሄን ያወቅሁት ከሪያድ በስተ ምዕራብ ባለው ረጅም ሸለቆ ውስጥ ነው። ሸለቆው ዛፍ ተተክሎበታል፤ ግራር አለ፣ ቴምር አለ፣ ዓረቦቹ ሲድር የሚሉት የእኛው ቁርቁራ አለ። ከየዛፉ ሥር መዳፍ የምታህል ሴንሰር ተቀብራለች። አፈሩ ጠምቶት እንደሆነ እየለካች ያለ ሽቦ ትናገራለች፤ ውኃ የሚለቀቀውም እሷ በተናገረችው ልክ ነው። ሴንሰሯ ግን የምትናገረው ባትሪዋ እስካለ ድረስ ነው። ባትሪዋን ለመሙላት ደግሞ መቆፈር አያስፈልግም። በኤሌክትሪክ የሚሄድ አንድ ሰው የሚጭን ጋሪ ይመጣና ከሆዱ ሥር ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ወደ አፈሩ ዝቅ አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆማል። ኃይሉ ያለ ሽቦ ወደ ታች ይገባል።

ጋሪዎቻችን ሁለት ነበሩ። አንዱን ከድር የሚባል የደሴ ሰው ይነዳዋል፣ ሌላውን አያ ሙሄ። እኔ ቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ማቀዝቀዣ ሥር ተቀምጬ፣ የትኛው ጋሪ የትኛዋን ሴንሰር በየትኛው ሰዓት እንደሚሞላ በታብሌት አቅድላቸው ነበር። የሥራ ስሜ አስተባባሪ ነው። ከእግር ኳስ ሜዳ ውጭ ቆሞ የሚጮህ ሰው ዓይነት ሥራ ነው።

አያ ሙሄ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ ሰው ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው ላይ ዕድሜው ሃምሳ ስድስት ይላል። "ኢቃማዬ ታናሽ ወንድሜ ነው" ይል ነበር። በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር ከቆቦ በረሃውን አቋርጦ ወደ አፋር ጨው ሊጭን ይወርድ ነበር፤ ግመል ነድቷል፣ በቅሎ ነድቷል፣ አህያም ነድቷል። የኤሌክትሪኩንም ጋሪ ያው እንደ ግመል ነው የያዘው። ጠዋት ከመነሳቱ በፊት በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ ዳገት ላይ ሲያቃስት ምላሱን እያጮኸ ያበረታታዋል። ሴንሰሮቹን ጥጆች ይላቸዋል። "ያላ፣ ጥጆቼን ላጥባ" ብሎ ይወጣል።

ታብሌት ሰጥቼው ነበር። በጨርቅ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር አስቀመጠው፤ "ፀሐይ እንዳይመታው ነው" አለኝ። የሞላቸውን ሴንሰሮች የሚቆጥረው በዚክር መቁጠሪያው፣ በሙስበሃው ነው። የሙስበሃው ፍሬ ሠላሳ ሦስት፣ የእሱ ድርሻ የሆኑት ሴንሰሮችም አጋጣሚ ሆኖ ሠላሳ ሦስት። አንዷን ሲጨርስ አንድ ፍሬ ያሳልፋል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁትም፤ ታብሌቱ ግን በሳምንት ሁለቴ ይሳሳታል።

አንድ ልማድ ነበረው። ከየትም ቦታ ሲነሳ፣ ከምግብ ቤትም ቢሆን፣ ጥቂት ይራመድና አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል። ዕቃ የረሳ መስሎኝ ምን እንደጠፋው ስጠይቀው ሳቀብኝ።

"ከኋላ የቀረ እንዳለ ነው የማየው" አለኝ። "በረሃ ላይ ያልዞረ ሰው ሲደርስ አንድ ይጎድለዋል።"

መጀመሪያ ላይ አንቱ እለው ነበር። ተቆጣኝ። "አንቱ ያልከኝ ለት ለአንተ ሩቅ ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው። አያ በለኝ፣ አንተ በለኝ፣ ኸላስ።" ከዚያ ወዲህ አንተ አልኩት።

ሪያድ የቆየው ለዘሀራ ብሎ ነው። ልጁ አንድ ቤት ተቀጥራ፣ እዚያው እያደረች ትሠራለች። እናቷ ስትሞት "ልጄን ይዘህልኝ ተመለስ" ብላው ነበርና፣ ኮንትራቷ እስኪያልቅ እሱ እዚሁ ከተማ ውስጥ ይጠብቃታል። በየአርቡ ከዐሱር በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ያያታል። አሥር ደቂቃ ለማትሞላ ጊዜ ከተማውን አቋርጦ በሁለት አውቶቡስ ይሄዳል። "ብዙ የምናወራው የለንም" አለኝ አንድ ጊዜ። "አለሁ ለማለት ነው የምሄደው። የሄደ ሰው ጠባቂ እንዳለው ካወቀ አይጠፋም።"

ከድር በዚህ ይቀልድበት ነበር፣ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

አሁን ወደ ሥራችን ጣጣ ልምጣ። በሸለቆው መጨረሻ፣ ከአሮጌው ግድብ ማዶ፣ አሥራ ሁለት ሴንሰሮች ነበሩ። እዚያ ለመድረስ ጋሪው ግማሽ ኃይሉን መንገድ ላይ ይጨርሳል፤ የቀረውን ለሴንሰሮቹ ቢሰጥ መመለሻ ያጣል። ስለዚህ እኔ በመርሐ ግብሬ ላይ ሁልጊዜ የቅርቦቹን አስቀድማለሁ። የተሞሉት ቁጥር ብዙ ይሆናል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ አለቃችን ሙዲሩ ደስ ይለዋል። የሩቆቹ ባትሪ ያልቃል፤ ነገር ግን ስክሪኑ ላይ አይታይም። አንዷ ሴንሰር ዝም ስትል፣ ሥርዓቱ የመጨረሻውን ቁጥሯን ይዞ በአረንጓዴ ማሳየቱን ይቀጥላል። ሞታ አረንጓዴ ናት።

አንድ ጠዋት አያ ሙሄ የደረቀ የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ፣ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠው። ቅጠሉ ሲነካ ይፈረፈራል።

"ከግድቡ ማዶ ነው" አለኝ።

"እዚያ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ እየው" ብዬ ስክሪኑን አዞርኩለት።

ስክሪኑን አየ፣ ቅርንጫፉን አየ። "መሐንዲስ፣ ዝም ያለ ሁሉ ደህና ነው እንዴ?"

ስለ ርቀቱና ስለ ባትሪው አስረዳሁት፣ በትንሹ እንደ መቆጣትም አልኩ። ሰማኝና ከኪሱ የቴምር ፍሬዎች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

"ጨው ልንጭን ስንወርድ" አለ፣ "በረሃው ላይ ሣር የለም። ጭዱን ከቤት ነው የምንጭነው። ሁሉንም ይዞ ከወረደ ከብቱ ጭድ ተሸክሞ ይደክማል፣ ለጨውም ቦታ የለው። ስለዚህ በየማደሪያው ለመመለሻ የሚሆነውን እያስቀመጥን እንወርዳለን። አንድ ሰውም እየተወን። ያ ሰው ጭዱን ይጠብቃል። ጨው ጭነን ስንመለስ ከብቱ ባዶ ሆዱን ነው፤ ያን ጭድ ያገኛል፤ እስከሚቀጥለው ማደሪያ ይደርሳል።" ሁለት የቴምር ፍሬ አነሳ። "ይኸ የእኔ ጋሪ ነው፣ ይኸ የከድር። አብረን እንሂድ። ግድቡ አጠገብ ከድር የመንገዱን ያህል ለእኔ ይሙላልኝና ይቁም፤ ለመመለሻዬ የሚሆነውን በሆዱ ይዞ ይጠብቀኝ። እኔ ማዶ ሄጄ ጥጆቹን አጥብቼ ባዶዬን እመጣለሁ። እሱ ያጠጣኛል፣ ሁለታችንም ቤታችን እንገባለን።"

ሳቅሁበት። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ካልኩሌተር አውጥቼ ሠራሁት። ልክ ነበር። ሁለት ጋሪ ለየብቻ የማይደርሱበት ቦታ፣ አንዱ ቆሞ ቢጠብቅ ይደረስበታል። የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚጠብቀው ሰው ከቦታው አለመንቀሳቀሱ።

ያን ለት አያ ሙሄ ያለኝን አልረሳም። "መሄድማ ነፋስም ይሄዳል። የሄደውን አታድንቅ መሐንዲስ፤ የጠበቀውን ነው መጠየቅ።"

በሳምንቱ ሠራንበት፣ በወሩ የሩቆቹ አሥራ ሁለት ሴንሰሮች መናገር ጀመሩ። ቁርቁራዎቹ ቅጠል አወጡ። ሙዲሩ መጥቶ አየና "ይህ ሐሳብ የማን ነው?" አለ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ግን አፌ አምልጦኝ አይደለም፤ አስቤበት ነው። "የእኔ" አልኩ። "የእኛ" ለማለት እንኳ አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ።

አያ ሙሄ ሲሰማ አልተቀየመም። "እኔስ ከአባቴ አይደል የሰማሁት? አብሽር" አለኝ። ይህ ደግሞ የባሰ አሳፈረኝ፤ ግን አፍሬ ምን አደረግሁ? ሙዲሩ የኢቃማዬን ነገር አነሳ። እኔ በሌላ ከፊል፣ በሌላ አስቀጣሪ ዋስ ስም ነበር የምሠራው፤ ወደ ድርጅቱ ሊያዞረኝ ቃል ገባልኝ። ይህን ሲለኝ አያ ሙሄ ከጭንቅላቴ ወጣ።

ያ ቀን ነሐሴ ውስጥ ነው። በበጋ ከቀትር ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውጭ መሥራት በሕግ ክልክል ነው፤ ስለዚህ በንጋት ወጥተን አምስት ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ከድር በፈቃድ አገር ቤት ሄዶ ስለነበር የሚጠብቀውን ጋሪ እኔ ይዤ ወጣሁ። ግድቡ አጠገብ ካለው ትልቅ ቁርቁራ ሥር ቆምኩ፣ ለአያ ሙሄ ሞላሁለት፣ ሄደ። ጥቂት ርቆ ዞሮ አየኝ፣ እጄን አነሳሁለት።

አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ሙዲሩ ደወለ። ትልልቅ እንግዶች ድንገት መጥተዋል። ያን የኃይል መጋራት ዘዴ ማየት ይፈልጋሉ። "ጋሪውን ይዘህ ና፣ አሁኑኑ፣ አንተ ራስህ ታስረዳቸዋለህ።"

አንድ ሰው የምጠብቅ መሆኔን አልነገርኩትም። ግማሽ ሰዓት ነው፣ አያ ሙሄ ለመመለስ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል፣ ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስነሳ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ድንኳን ተጥሎ ነበር። ከአጠገቡ ያሉትን ሴንሰሮች እንድሞላ አዘዙኝ። አንዷን ሞላሁ፣ ሁለተኛዋን ሞላሁ፣ ፎቶ ተነሳን፣ ሦስተኛዋን ሞላሁ። የአያ ሙሄን መመለሻ እዚያው ድንኳኑ አጠገብ፣ ጠግበው ለነበሩት ሴንሰሮች አፈሰስኩት። አንዱ እንግዳ ትከሻዬን መታ አድርጎ "እንዴት መጣልህ?" አለኝ። ስለ ርቀትና ስለ ባትሪ አወራሁለት። ስለ ጨው አላወራሁም። ከዚያ ምሳ ቀረበ። ሙዲሩ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አየሁት፤ አያ ሙሄ ነው። ሙዲሩ ለእንግዶቹ ስለ እኔ እየነገራቸው ነበር። ዘጋሁት። ጥቂት ቆይቶ ደገመ። ዘጋሁት። ሩዙ መሃል ላይ ሦስተኛ ጊዜ ደወለ። ጋሪዬ ባዶ ነው፣ ብሄድም ምን ይዤ እሄዳለሁ አልኩ። ሌላ መኪና ልኬ ላስመጣው ብል ደግሞ፣ በእንግዶቹ ፊት በክልክሉ ሰዓት ሠራተኛ ውጭ ትቻለሁ ማለት ነው። ጥላ ሥር ነው፣ ውኃ ይዟል፣ ያውቃል፣ የበረሃ ሰው ነው አልኩ። ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ አልደወለም። እኔም ዝም ሲል፣ ደህና ሆነ ማለት ነው ብዬ ቀለል አለኝ። ወላሂ ቀለል አለኝ። ያ ቅለት እስከ ዛሬ ሲያሳፍረኝ ይኖራል።

እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተሸኙ። የሙዲሩን ሾፌር ለምኜ በፒካፕ ወጣን። አያ ሙሄ ያንኑ ቁርቁራ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ጋሪው አጠገቡ ቆሟል። የውኃ ጠርሙሱ ባዶ ነው። ሙስበሃው እጁ ላይ ነበር፣ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። ቆዳው ደርቋል፣ ላብ የለበትም። ስጠራው ዓይኑን ገለጠና ጋሪዬ ሊቆምበት ይገባ ወደ ነበረው ቦታ ተመለከተ። "መጣህ?" አለኝ።

ሆስፒታል ገብቶ በአራተኛው ቀን ነው መናገር የቻለው። ሐኪሙ ኩላሊቱ ተጎድቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር። ከጎኑ ተቀምጬ "ለምን አልተራመድክም? ለምን ወደ መንገዱ አልወጣህም?" ብዬ ጠየቅሁት። ጥፋቱ በከፊል የእሱ እንዲሆን ፈልጌ ነው የጠየቅሁት።

"ቦታዬን ብለቅ" አለ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ "አንተ መጥተህ ታጣኝ ነበር። ያኔ ሁለታችንም እንጠፋለን።"

በማግስቱ ሙዲሩ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። ከተቆጣጣሪዎች ጥያቄ መጥቷል፤ ሠራተኛ በክልክሉ ሰዓት ውጭ ለምን ተገኘ? ድርጅቱ ይቀጣል፣ አስተባባሪውም ይጠየቃል። "ጻፍ" አለኝ፣ ጻፍኩ። የኢቃማ ዝውውሬ ፎርም እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከወረቀቱ ጎን ነበር። ማንም አንዱን ከሌላው ጋር አላያያዘልኝም። አያስፈልግም ነበር።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ፤ አያ ሙሄ መፈረም ነበረበት። መነጽሩ ጋሪው ውስጥ ቀርቷል።

"አንብብልኝ" አለኝ።

ከራስጌው የተሰቀለውን ግሉኮስ እያየሁ "ታመው ነበር፣ አሁን ተሽሎዎታል፣ ድርጅቱ ያሳክምዎታል ይላል" አልኩ።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ዛሬ አንቱ አልከኝ" አለ።

ከዚያ አውራ ጣቱን ሰጠኝ። ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ። ጣቱን ይዤ ወረቀቱ ላይ የጫንኩትም እኔ ነኝ። ጣቱ ገና ይተኩሳል።

በሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ተመታለት፤ ኹሩጅ የሚሉት፣ መመለስ የሌለበት። የዘሀራ ኮንትራት ገና ሁለት ዓመት ይቀረው ነበር። የመውጫውን ወረቀትና የዚያን የፈረመበትን ግልባጭ ያመጣለት ያው እኔው ነበርኩ። አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ "ዘሀራን አልፎ አልፎ ደውልላት። ብዙ አታውራ፣ አለሁ በላት፣ ይበቃል።" እሺ አልኩ። የድርጅቱ መኪና አጠገብ ቆሜ ሸኘሁት። ሊገባ ሲል ዞሮ አየኝ። እጄን አነሳሁለት፤ ያው እንደ ግድቡ ለት።

ለዘሀራ አንድም ቀን አልደወልኩላትም። እያንዳንዱ አርብ ሲመጣ "በሚቀጥለው አርብ" እላለሁ። ምን ብዬ ነው የምደውለው? አለሁ ብዬ? የእኔ ኢቃማ ተዛወረ፣ ደመወዜም ስሜም ተስተካከለ። ሸለቆው ውስጥ አሁን አምስት ጋሪዎች አሉ፤ ሁሉም በአያ ሙሄ ዘዴ ነው የሚሠሩት። ሥልጠና የምሰጠውም እኔ ነኝ። ጠባቂው ከቦታው እንዳይነቃነቅ አጥብቄ አስተምራለሁ። ከድር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሲያዳምጠኝ ዓይኑን አላይም።

ትናንት፣ አርብ፣ ሄድኩ። በሁለት አውቶቡስ ነው የሄድኩት፤ መኪና አለኝ፣ ግን በመኪና ልሄድ አፈርኩ። በቃላው አጠገብ፣ ባዶ የጋዝ ሲሊንደሮች የተደረደሩበት ጥግ ቆሜ ጠበቅኋት። ዘሀራ ከግቢው በር ስትወጣ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኋት። ረጅም፣ ቀጭን። ጥቂት ተራምዳ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞራ አየች።

"መሐንዲስ?"

"አዎ። አላህ ነፍሱን ይማር። እህቴ፣ በጣም..." አልጨረስኩትም።

"አሚን። ጊዜ የለኝም፣ ማዳም ትቆጣለች።" ከቦርሳዋ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። "ያንብቡልኝ።"

ወረቀቱ አራት ቦታ ታጥፎ መታጠፊያው ነጥቷል። ከታች የአያ ሙሄ አውራ ጣት አለ፤ ከጎኑ የእኔ ፊርማ። በዚያች ቅጽበት እንኳ፣ አልዋሽም፣ ያ የሆስፒታሉ ንባብ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ታሞ ነበር፣ ተሽሎት ነበር ይላል ማለት ይቻላል። ሰውዬው ሞቷል፣ ልጅቱ ፊደሉን አታውቅም፣ ማን ያውቃል?

ቀና ስል ታየኛለች። በአባቷ ዓይን ነው የምታየኝ።

"ሠራተኛው" ብዬ ጀመርኩ፣ እያንዳንዱን መስመር በዓረብኛ እያልኩ በአማርኛ እየመለስኩ፣ "ከአስተባባሪው ትእዛዝ ውጭ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ሥራ በተከለከለበት ሰዓት ውጭ ቆይቷል። የተሰጠውን ዕቅድ ጥሶ የጋሪውን ኃይል ጨርሷል። ለደረሰበት ጉዳት ኃላፊው እሱ ራሱ ነው። ይህን አምኖ ፈርሟል። ምስክር፣ አስተባባሪው።" ስሜንም አነበብኩ። "ውሸት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጠብቀኝ ብሎኝ ትቼው ሄድኩ። ደወለልኝ፣ ሦስት ጊዜ፤ ምሳ እየበላሁ ዘጋሁበት። ይህን ወረቀትም ሌላ አስመስዬ አነበብኩለት።"

አንድ ልጅ ብስክሌቱን እየነዳ በመሃላችን አለፈ። ዘሀራ እስኪያልፍ ጠበቀች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"አባቴ መነጽሩ ሲመለስለት ግልባጩን አንብቦታል። ልጅነቱን ሙሉ ቁርአን የቀራ ሰው እኮ ነው፣ በዚያ ላይ ስንት ዓመት እዚህ ኖሯል። ሊሄድ ሲል እዚችው ቆሞ ለእኔም አነበበልኝ።"

"ታዲያ ለምን ያንብቡልኝ አልሽኝ?"

"እሱ ነው ያለኝ። እኔማ ልቀደው ነበር። 'ተይ፣ አስቀምጪለት' አለኝ። 'ያ ልጅ ርቆ ሄደ እንጂ አልጠፋም። አንድ ቀን ሲመለስ መንገዱ ላይ ባዶ እንዳያገኝ' አለኝ። ይደውልልሻል ብሎኝም ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ።" ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ፣ ወዲያው አቃናችው። "አልደወልክም። እሱም እኔን ሳያይ ሞተ።"

ይቅርታ አልኩ፤ ምን ያህል ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። እጇን አነሳችና አስቆመችኝ።

"እሱ ጭዱን አስቀምጦልሃል። እኔ ግን አባቴ አይደለሁም።" ወረቀቱን ልመልስላት ስዘረጋ አልተቀበለችኝም። "ያዘው። አሁን ለድርጅቱ ሰዎችም እንዲህ አድርገህ አንብብላቸው። አባቴ ሕግ ጥሶ፣ ንብረት አበላሽቶ የተባረረ ሰው ተብሎ መዝገባቸው ላይ አይቀርም።"

ዳቦዋን ሳትገዛ ወደ ግቢው ሄደች። በሩ ጋ ስትደርስ ትዞራለች ብዬ ጠበቅሁ።

አልዞረችም። በሩ ተዘጋ።

ይህን የምጽፈው ቅዳሜ ነው። ወረቀቱ ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል። ሙዲሩ ያው ሙዲር ነው፤ ኢቃማዬን የሚያሳድስልኝም እሱ ነው፤ ከነገ በኋላ ያሳድስልኝ እንደሆነ አላውቅም። ነገ እሑድ ነው፤ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት የሚጀምርበት ቀን። ቢሮው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል።